አገርን ዳግመኛ መሥራት
(በወልድያ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት ተስተካክሎ የተዘጋጀ)

 

ዛሬ የምናገረው እውነተኛ ቦታን በኢንተርኔት ላይ ዳግመኛ ስለመሥራት ነው። ተራራው፣ ወንዙ፣ መንገዱ፣ ቤቱና ገበያው በኮምፒውተር ውስጥ ይቆማሉ። ሰው በስልኩ ከፍቶ በውስጡ ይዘዋወራል፤ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ይሻገራል፤ የቆመበት ቦታ ምን እንደሆነ ጠይቆ ይረዳል። በሙያው ያሉ ሰዎች ይህን የመስታወት ዓለም ይሉታል። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ዴቪድ ጌለርንተር እ.ኤ.አ. በ1991 በዚሁ ስም መጽሐፍ ጽፎ፣ ከተሞች አንድ ቀን ሕያው ግልባጫቸው በኮምፒውተር ውስጥ እንደሚኖር አስቀድሞ አመልክቶ ነበር። ያኔ የምኞት ነገር ይመስል የነበረው ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ ባለው ስልክ የሚሠራ ሥራ ሆኗል።

ርዕሱን የመረጥኩት ለጨዋታ አይደለም። የአንድ ቦታ ግልባጭ ዛሬ መንገድ ይቀየስበታል፣ የእርዳታ እህል ይመደብበታል፣ የጎርፍ አደጋ ይገመትበታል፣ ቅርስ ይጠበቅበታል። ግልባጩ ላይ የሌለ መንደር ዕቅድ ሲወጣ የሚያስታውሰው የለም። ስለዚህ ዛሬ የምሟገትለት ነገር ይህ ነው፦ የወልድያን፣ የመርሳንና የሐብሩ ወረዳን ቅርጽ ማንም ከሰማይ ሆኖ ሊያነሳው ይችላል፤ ስሙን፣ መንገዱንና የሚሰጠውን አገልግሎት ግን ከነዋሪው በቀር የሚያውቀው የለም። ሥራው በነዋሪው እጅ ይጀመር፣ በነዋሪውም እጅ ይቆይ እላለሁ። በመጀመሪያ ከዚሁ ከሰሜን ወሎ ዞናችን ጥንታዊ የሆነ ምሳሌ አነሳለሁ። ቀጥዬ ግልባጩ በምን በምን እንደሚሠራና እስካሁን ምን እንደሚያሳይ እናገራለሁ። በመጨረሻም እኛ ከየት ብንጀምር እንደሚሻል፣ ምንስ ከግልባጩ ውጭ ብናስቀር እንደሚበጅ ሐሳቤን አካፍላችኋለሁ።

ምሳሌዬ ላሊበላ ነው። በገና ሰሞን ከዚህ ተነስታችሁ የሄዳችሁ ብዙዎች እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እዚያ ዮርዳኖስ የሚባል ወንዝ አለ። ጎልጎታ አለ፤ ቤተ ልሔም አለ፤ ደብረ ሲና አለ፤ ደብረ ዘይት አለ፤ የአዳም መቃብርም አለ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ገደማ በንጉሥ ላሊበላ ዘመን ላስታ ላይ የቆመው ነገር የአንድ ሩቅ ቦታ፣ የኢየሩሳሌም ግልባጭ ነው። ከላስታ ኢየሩሳሌም ደርሶ መመለስ ብዙ ወራት የሚፈጅ፣ በበረሃና በባሕር የሚያልፍ፣ ሕይወት የሚያስከፍል መንገድ ነበር። ያን መሄድ ያልቻለ ሰው ተሳልሞ የሚመለስበት ኢየሩሳሌም በአገሩ ተሠራለት።

አሁን እንደ ግልባጭ ሠሪ ሆናችሁ ተመልከቱት። ኢየሩሳሌም ያለው የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ ወደ ላይ የተሠራ ነው። የላሊበላዎቹ ከአለት ወደ ታች የተፈለፈሉ ናቸው። ስፋቱ አይገጥምም፤ አቅጣጫው አይገጥምም፤ ዮርዳኖስም እውነተኛው ወንዝ ከኢየሩሳሌም የራቀውን ያህል ከቤተ ጎልጎታ አልራቀም። በሜትር ለክቶ የሚፈርድ ሰው ቢመጣ ሥራውን ስህተት ነው ይለዋል። ምእመኑ ግን ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ሳይሳሳት ሲሄድበት ኖሯል። እዚህ ደርሶ ይሰግዳል፤ እዚያ ደርሶ ያለቅሳል፤ በጥምቀት ወደ ዮርዳኖስ ይወርዳል። ከኢየሩሳሌም ወደ ላስታ የተሻገሩት ስሞቹ፣ የስሞቹ ቅደም ተከተልና በመካከላቸው የሚኬደው መንገድ ናቸው። ይህንን የግልባጭ አሠራር ከባለሙያ መጽሐፍ ሳይሆን ከአያቶቻችን እጅ ነው የምናገኘው።

ይኸው ቦታ በእኛ ዘመን ሁለተኛ ግልባጭ ተሠርቶለታል። በፕሮፌሰር ሄይንዝ ሩተር የተመሠረተው የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት የአፍሪካን ጥንታዊ ቅርሶች እየዞረ በሌዘር ስካነር ሲመዘግብ፣ ከመዘገባቸው መካከል የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ይገኙበታል። መሣሪያው በሦስት እግር ላይ ይቆምና ዙሪያውን የብርሃን ጨረር ይልካል፤ ጨረሩ ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ ርቀቱን ያሰላል። በአንድ ማቆሚያ ሚሊዮን ነጥቦች ይሰበሰባሉ። ከዚያ መሣሪያው ወደ ሌላ ጥግ ይዛወራል፤ በመጨረሻም ከየጥጉ የተሰበሰቡት ነጥቦች ተገጣጥመው ሕንፃው በኮምፒውተር ውስጥ ይቆማል። የመጥረቢያው ምልክት ሳይቀር ይታያል። የት ተሰነጠቀ፣ የቱ ግድግዳ አዘመመ፣ ውኃ በየት ገባ የሚለውን ለጠጋኞች ለማሳየት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም።

የሌዘሩ ግልባጭ ግን በልደት ሌሊት በቤተ ማርያም አፋፍ ላይ ካህናቱ ቤዛ ኩሉ ሲያዜሙ ከላይና ከታች ተቀባብለው የሚቆሙበትን ሥርዓት አያውቅም። በየትኛው በር ወንዶች፣ በየትኛው ሴቶች እንደሚገቡ አያውቅም። ወንዙ የሚወርድበት ጎድጓዳ ስፍራ ዮርዳኖስ መሆኑን የሚያውቀው ሰው ከነገረው ብቻ ነው። ጥንታዊው ግልባጭ ስሙንና መንገዱን ያዘ፣ ልኩን ተወ። አዲሱ ልኩን እስከ ሚሊሜትር ያዘ፣ ስሙን ከሰው ይጠብቃል። ለወልድያና ለሐብሩ የምመኘው ሁለቱን በአንድ ላይ ነው።

ወደ አሠራሩ ልሻገር። የአንድ ሰፊ አገር ግልባጭ የሚጀምረው ከከፍታ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንደቨር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በ11 ቀን በረራ አብዛኛውን የየብስ ገጽ በራዳር ለካች። ከዚያ የተገኘው የከፍታ መረጃ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በ30 ሜትር ልዩነት ለማንም ሰው በነፃ ይሰጣል። የእኛን አገር ይህን መረጃ ይዞ ማቆም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በስተምዕራብ የጉባ ላፍቶ ደጋ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ወልድያ በተራሮቹ ሥር ትቀመጣለች፤ ምድሩ በመርሳና በጊራና በኩል እየዘቀዘቀ በስተምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ በደቡብ ሚሌ ወንዝ ወደ አዋሽ ይጓዛል። ይህን መጀመሪያ ስታዩት ትደነቃላችሁ፤ እኔም ተደንቄ ነበር።

ነገር ግን 30 ሜትር ማለት በየ900 ካሬ ሜትሩ አንድ ቁጥር ማለት ነው። ቀዳዳው የሰፋ ወንፊት ትልቁን ብቻ አስቀርቶ ደቃቁን እንደሚያሳልፍ፣ ከዚያ ልክ ያነሰው ሁሉ በዚህ መረጃ ውስጥ አያርፍም። ገበሬው ውኃ የሚመራበት ቦይ የለም። እርከኑ የለም። በክረምት ከደጋው ድንገት የሚወርደው ጎርፍ የሚቆርጠው፣ አሥር ሜትር የማይሞላው ገደል የለም። የሐብሩን ጎርፍ አስቀድሞ ለመገመት የሚፈልግ መሐንዲስ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ያ ገደልና ያ ቦይ ነው። ትልቁ ተራራ ሰው ገድሎ አያውቅም፤ ሌሊት የሞላች ትንሽ ወንዝ ግን ስንት ሰው ወስዳለች።

ሁለተኛው ነገር ፎቶው ነው። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ያመጠቀቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ምድርን የምታይበት ልክ 13.75 ሜትር ነበር። የፎቶዋ አንዲት ነጥብ ወደ 190 ካሬ ሜትር ትሸፍን ነበር። ስድስት ሜትር ስፋት ያለው ክብ የሣር ቤት ሠላሳ ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ በነጥቧ ውስጥ ከደጁ፣ ከአጥሩና ከማሽላው ጋር ተቀላቅሎ አንድ ቀለም ይሆን ነበር። ይህን የምለው የአገራችንን ሳተላይት ለማሳነስ አይደለም። ለሰብልና ለደን ክትትል የተሠራች ነበረች፤ ለዚያም ልኳ ይበቃ ነበር። ቤትን ለማየት ግማሽ ሜትር የሚለይ የንግድ ሳተላይት ፎቶ ያስፈልጋል። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2021 እንዲህ ካለው ፎቶ ላይ ማሽን አስተምሮ በአፍሪካ 516 ሚሊዮን ሕንፃዎችን በአንድ ጊዜ ለይቶ አወጣ። ሥራው ግዙፍ ነው፤ ጥቅሙም ብዙ ነው። ማሽኑ ግን የሚያየው ጣሪያ ነው። ከጣሪያው ሥር መስጊድ ይሁን መጋዘን፣ የሰው ቤት ይሁን የከብት በረት፣ ሰው ይኑርበት ወይም ዓመት ሙሉ ተዘግቶ ይቆይ አይነግረንም።

ሦስተኛው ነገር፣ የቦታዎቹ ስምና ማንነት፣ ከሰማይ አይመጣም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የእኛ የሚሆነው፤ ትንሽ እንድቆይበት ፍቀዱልኝ።

ስቲቭ ኮስት የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ2004 ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለውን የዓለም ካርታ ሲጀምር ሐሳቡ ማንም ሰው የሚያውቀውን ቦታ ራሱ እንዲያስገባ፣ የተሰበሰበውንም ማንም እንዲጠቀምበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ሄይቲን የመሬት መንቀጥቀጥ በመታት ጊዜ፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ከሳተላይት ፎቶ ላይ የዋና ከተማዋን የፖርት ኦ ፕሪንስን መንገዶች በጥቂት ቀን ሣሉ፤ የነፍስ አድን ሠራተኞችም በዚያ ካርታ ተመሩ። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች እግራቸው ረግጧቸው የማያውቅ የአፍሪካ መንደሮችን ሲሥሉ ይውላሉ። ለቅን ሥራቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ግን አንድ ሥራ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ይቆማል። ጎጡን ማን ብለው ይጥሩት? ምንጩ በጋም ይፈስስ እንደሆነ፣ በዚህ ቀጭን መንገድ ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ታልፍ እንደሆነ ከፎቶ ላይ ማን ይነግራቸዋል?

ናይሮቢ ያለው ኪቤራ የተባለ ሰፈር በጣም ብዙ ሰው የሚኖርበት ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. እስከ 2009 ድረስ በሕዝብ እጅ በነበሩ ካርታዎች ላይ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት የሰፈሩ ወጣቶች ጂፒኤስ ይዘው በየጠባቡ መተላለፊያ ዞሩ። ክሊኒኩን፣ የውኃ ቦኖውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ሌሊት የሚያሠጋውን ጥግ ሳይቀር መዘገቡ። ስለ ኪቤራ ሲጽፍ የኖረ የውጭ ተቋም ብዙ ነበር፤ ካርታውን የሠሩት ግን የሰፈሩ ልጆች ናቸው። የእኔ ተስፋ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ወደ እኛ እንመለስ። ዛሬ ባለው የዓለም ግልባጭ ላይ ከአገራችን አስቀድሞ የሚታየው ትልቅና አዲስ የተሠራው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ጎልቶ ይታያል። ከወልድያ ተነስቶ በድልብና በጋሸና አድርጎ ወደ ወረታ የሚያቋርጠው፣ ሽማግሌዎቻችን የቻይና መንገድ የሚሉት አለ። በመቻሬ በ2009 ዓ.ም. ጥር የተመረቀው፣ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው ስታዲየም ከሰማይ ሲታይ ማንም አይስተውም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የተዘረጋው የባቡር መሥመር ምድሩን ሰንጥቆ ሲሄድ ይታያል። እነዚህ ሁሉ የአገራችን አካል ናቸው፤ ደስ ይሉናል። ነገር ግን አገሩ በእነዚህ ብቻ አልቆመም።

ዳናን አስቡ። በሐብሩ ያለው ዳና ለረጅም ዘመን ደረሳ፣ ማለትም የእስልምና ትምህርት ተማሪ፣ ከየአቅጣጫው እየመጣ የቀራበት፣ ሕዝብ ለዘየራ የሚጓዝበት የዕውቀት ቦታ ነው። ከሰማይ ሲታይ ጥቂት ጣሪያና ዛፍ ነው። ሰው ዳና ሲሄድ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ የት እንደሚያርፍ፣ ደረሳው የት የት ተቀምጦ ይቀራ እንደነበር፣ የትኛው ሸኽ በየትኛው ጥላ ሥር ያስተምር እንደነበር ግልባጩ ላይ ካልገባ፣ ዳና በመስታወቱ ውስጥ አልገባም። ላሊበላ ላይ እንዳየነው ነው፤ ቦታውን ቦታ የሚያደርገው ሰው በእሱ ላይ የሚሠራው ነገር ነው። በየደብሩና በየገዳሙ፣ በየቆሎ ተማሪው መንደርም እንዲሁ ነው። ስሪንቃን ደግሞ ውሰዱ። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለቆላማው የማሽላ አገር ዝርያ ሲያወጣ ኖሯል፤ አንደኛው ዝርያ ጊራና-1 ተብሎ በዚሁ አገር ስም ተጠርቷል። ያ ዝርያ ዛሬ በየትኛው ማሳ እንደሚዘራ፣ በየትኛው ጎጥ እንደያዘና በየትኛው እንደከሸፈ ከመሬቱ ከፍታና ከውኃው ጋር በአንድ ግልባጭ ላይ ቢታይ ለተመራማሪውም ለገበሬውም የሚጠቅም ነገር ይወጣበታል።

ጊዜን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ግልባጭ የዛሬን ብቻ የሚያሳይ መሆን የለበትም። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ላይ እየበረሩ ያነሷቸው 34 ሺህ ያህል የአየር ፎቶዎች በአዲስ አበባ በአገሪቱ የካርታ ሥራ ተቋም ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ቆይተው፣ የጄንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ አጥንተዋቸዋል። ፎቶዎቹ የተነሱት ለወረራ ነበር። ዛሬ ግን ጫካው የት ነበር፣ ወንዙ በየት ይሄድ ነበር፣ እርሻው እስከ ምን ድረስ ወጥቶ ነበር የሚለውን በዓይን የምናይበት ብርቅ ማስረጃ ሆነዋል። እንዲህ ያለ ፎቶ ከዛሬው መልክዐ ምድር ላይ ሲነጠፍ፣ አንድ ሽማግሌ በልጅነታቸው ከብት ያገዱበትን ዱር በጣታቸው ሊያሳዩን ይችላሉ። እኛ ዛሬ የምናነሳውም ከሰማንያ ዓመት በኋላ ለሚመጡት እንዲሁ ይሆናል።

ይህ የጊዜ ነገር በእኛ ላይ በከባድ መንገድ ደርሶብናል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበሩት የጦርነት ወራት በዚህ ከተማና በዙሪያው የጠፋውን ሁላችሁም ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ስለ ሰው ሕይወት የምናገርበት ቃል የለኝም። ስለ ሕንፃና ስለ ንብረት ግን ይህን ልበል። አንድ ክፍል ከመዘረፉና ከመቃጠሉ በፊት ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ መዝገብ ቢኖር፣ ጥገናውም ካሣውም ክርክሩም በማስረጃ ይሆን ነበር። ፓሪስ ያለውን የኖትር ዳም ካቴድራል አንድሩ ታሎን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህር እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ በሌዘር ለክቶት ነበር። ለትምህርትና ለምርምር ያደረገው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2019 ካቴድራሉ ተቃጠለ፤ ታሎን በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም። የእሱ ልኬት ግን መልሰው ለገነቡት ሰዎች ትልቅ መሠረት ሆናቸው፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 በሩ እንደገና ተከፈተ። እኛ ጋ ስንት መስጊድ፣ ስንት ቤተ ክርስቲያን፣ ስንት ትምህርት ቤት ልኩ የትም ሳይቀመጥ ቆሞ ይገኛል?

እንግዲህ ከየት እንጀምር የሚለው ላይ ደርሻለሁ። የሌዘር ስካነር ውድ ነው፤ ድሮን ለማብረር ፈቃድ ያስፈልጋል። ሁለቱም እስኪመጡ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። ተራ የስልክ ካሜራ ብቻውን ሕንፃን ማቆም ይችላል። አሠራሩ ቀላል ነው። በሕንፃው ዙሪያ እየተራመዱ ብዙ ፎቶ ማንሳት፤ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር ሰባና ሰማንያ በመቶ ያህል እንዲደራረብ ማድረግ፤ አንድ ቦታ ቆሞ ዙሪያውን ከማንሳት ይልቅ ሰውየው ራሱ መንቀሳቀስ። ፀሐይ ከበረታችበት ቀትር ይልቅ ደመና ያለበት ሰዓት ይመረጣል፤ ጥላው ግድግዳውን አይከፋፍለውምና። ርዝመቱ የታወቀ በትር ከግድግዳው ሥር ማስቀመጥ አይዘነጋ፤ ልኩ የሚወጣው ከእሱ ነው። ሶፍትዌሩ በየፎቶው ላይ የሚመሳሰለውን ነጥብ እየፈለገ ካሜራው የት የት ቆሞ እንደነበር ያሰላል፤ ከዚያ ግድግዳው ይነሳል። ለዚህ የሚሆን በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር አለ፤ አንድ ደህና ኮምፒውተር ይበቃል። እንዲህ ያለውን ሥራ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንደ መመረቂያ ሥራ ቢይዙት በየዓመቱ ስንት ሕንፃ እንደሚቆም አስቡት።

ሲጨርሱ የሚወጣው ፋይል በርካታ መቶ ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ዌብጂኤል የተባለው አሠራር ባለ ሦስት ገጽታ ምስልን ያለ ልዩ ፕሮግራም በድረ ገጽ መክፈቻ ላይ ማሳየት አስችሏል። ይሁን እንጂ መርሳ ላይ የካርድ ዳታ ገዝቶ የሚከፍት ሰው መቶ ሜጋባይት እንዲያወርድ መጠየቅ በሩን እንደመዝጋት ነው። ፋይሉን ማቅለል የሥራው ግማሽ ነው እላለሁ፤ ከውበት በፊት ቅለት ይቅደም። ውጭ ያለው የወሎ ልጅ በፈጣን መሥመር ከሚያየው ይልቅ የጊራናው ተማሪ በስልኩ የሚያየው ያሳስበኛል።

ከሕንፃው በፊት ግን ስሙ ይሰብሰብ። ልጆቻችን ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ጋር በየጎጡ ይዙሩ፤ ስልክ በክፍት ሜዳ ላይ ቦታን ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ባለ ስህተት ያመለክታል፤ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ምንጩን፣ ዋርካውን፣ የዱዓ ቦታውን፣ ፀበሉን፣ የድሮውን የገበያ ሜዳ፣ ወንዙን በክረምት የሚሻገሩበትን መልካ ይመዝግቡ። ሴቶችን ለብቻ ይጠይቁ፤ ውኃና እንጨት የሚኬድበትን መንገድ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ስሙ በአማርኛ ይጻፍ፤ ሌላ ስም ካለውም አብሮ ይያዝ። እዚህ ላይ ትንሽ የምትመስል ግን ብዙ የምታበላሽ ነገር አለች። ለሰው ዓይን ሐብሩና ሀብሩ፣ ወልድያና ወልዲያ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። ሁሉም አጻጻፍ በአንዱ ቦታ ሥር አብሮ ካልተመዘገበ ፈላጊው አጥቶት ይመለሳል፤ አንዱ መንደርም ሁለት ሆኖ ይቆጠራል።

የማይገባውን ደግሞ አስቀድመን እንወስን። መቅደስ አይገባም። የብራናና የንዋየ ቅድሳት ዕቃ ቤት የት እንደሆነ አይገባም፤ ሌባ ካርታ እንዲሠራለት አንፈልግም። የሰው ግቢ ውስጥ አይገባም፤ የሰው ፊት ሳይፈቅድ አይገባም። ሴቶች የሚታጠቡበት ወንዝ ዳር አይገባም። አለመረጋጋት ባለበት አገር ደግሞ ማን የት እንደሚኖር የሚያሳይ መዝገብ በክፉ እጅ ሲገባ ምን እንደሚያደርስ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። የመስጊድ ከሆነ ሸኹና ጀማው፣ የደብር ከሆነ አስተዳዳሪውና ሰበካው፣ የጎጥ ከሆነ ነዋሪው እሺ ሳይል ካሜራ አይነሳ። ይህ ሥራውን ያዘገየዋል። ይዘግይ፤ በስምምነት የተሠራ ብቻ ነው ሰው የእኔ ነው ብሎ የሚንከባከበው።

ሌላው ማከማቻው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደቆየ አንረሳም። በሩቅ ሰርቨር ላይ ብቻ የተቀመጠ የአገር ግልባጭ ባለቤቱ በሚፈልገው ቀን አይከፈትም። ስለዚህ የሚሠራው ሁሉ ሙሉ ቅጂው በዚሁ ይኑር፤ በዩኒቨርሲቲው፣ በመርሳ ግብርና ኮሌጅ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ። በውስጥ መሥመር ብቻ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ሆኖ ይዘጋጅ። የግልባጩ መጠቀሚያ ፈቃድም ክፍት ይሁን፤ ማንም ኩባንያ ወስዶ አጥሮ መልሶ እንዳይሸጥልን፣ የወሰደ ሰው ያሻሻለውን መልሶ ለሕዝብ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ፈቃድ ይመረጥ። ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚሠራበት ፈቃድ እንዲህ ያለ ነው።

የመጨረሻው ነጥቤ ወረቀት ነው። ግልባጩ በየጊዜው በትልቁ ታትሞ ወደ ቀበሌው ይመለስ። በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ እስክርቢቶ በክር ታስሮ ከጎኑ ይሰቀል። በገበያ ቀን የሚያልፈው ሰው ቆሞ ይየው። ይህ ምንጭ ደርቋል፣ ይህ መንገድ በጎርፍ ተቆርጧል፣ ይህ ጎጥ ስሙ ይህ አይደለም ብሎ ይጻፍበት። ፊደል የማይለየው በጣቱ ያሳይ፤ ልጁ ይጻፍለት። የተጻፈበት ወረቀት በስልክ ፎቶ ተነስቶ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል፤ እርማቱ በግልባጩ ላይ ይሠፍራል፤ ከዚያም አዲሱ ወረቀት ይታተማል። በመርሳ አንድ ቀበሌ፣ በወልድያ አንድ ቀበሌ ተመርጦ በዚህ ዓይነት ቢጀመር የሚያስፈልገው ወጪ ማተሚያ ወረቀትና የጥቂት ወጣቶች የእግር መንገድ ነው። ለዚህ ሥራ ስማችሁን ልታስመዘግቡ የምትፈልጉ ተማሪዎች ከዚህ በኋላ እዚሁ እንድትቆዩልኝ እለምናለሁ። አሁን ደግሞ ጥያቄያችሁንና የምትቃወሙትን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።